‹‹ይሄ ልጅ ሲያድግ ምን ሊሆን ነው?›› የአንድሬ ቺካቲሎ ልጅነትና የቆቦ ልጆች

መግቢያ

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የዲፕሎማ ተማሪ ሳለሁ፣ በ2015 ዓ.ም.፣ ለተግባር ልምምድ ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመድቤ ነበር። በተመደብኩበት 2ኛ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። ዝምተኛ ነው። ከእኩዮቹ ጋር አይጫወትም። ልብሱ ሽንት ሽንት ስለሚል አጠገቡ የሚቀመጥ የለም። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከአጥር ሥር አንድ ቡችላ በድንጋይ ሲደበድብ ተያዘ። ማረፊያ ክፍል ስንገባ አንድ አንጋፋ መምህር ‹‹እኔ ነግሬያችኋለሁ፣ ይሄ ልጅ ሲያድግ ነፍሰ ገዳይ ነው የሚሆነው፤ ከእባብ እንቁላል እርግብ አይፈለፈልም›› አሉ። ሌላዋ መምህርት ደግሞ ‹‹ምን ያርግ ጋሼ፣ በዚያ ዕድሜው ያየውን አይቶ›› ብላ ዝም አለች።

እኔም በዚያ ሰሞን ስለ ተከታታይ ነፍሰ ገዳዮች ልጅነት የሚተርክ ነገር አንብቤ ስለነበር አወቅኩ ባይ ሆኜ ነበር። በልምምድ ሪፖርቴ ረቂቅ ላይ የልጁን ስም ጽፌ ከጎኑ ‹‹ለወደፊቱ አደገኛ የመሆን ምልክት የሚታይበት›› አልኩ። ሪፖርቱን ከማስረከቤ በፊት ግን ይሄንን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለምን እንደሰረዝኩት ማስረዳት ነው። ለዚህም በዓለም ላይ ስማቸው በክፉ ከሚነሳ ነፍሰ ገዳዮች የአንዱን ልጅነትና ወጣትነት እንመለከታለን፤ ከዚያም ያንን ሕይወት ራያ ቆላ ላይ ካደግን ልጆች ሕይወት ጋር እናስተያያለን።

ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ የምንለው ማንን ነው?

በሙያው ቋንቋ ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ የሚባለው በተለያየ ጊዜና በተለያየ ድርጊት ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ ሰው ነው። ይህ ትርጉም የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. እ.ኤ.አ. በ2005 በጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ የተያዘ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ብዙዎች ቢያንስ ሦስት ሰው ይሉ ነበር። ትርጉሙን ቃል በቃል ከወሰድነው ግን ለእኛ ለራያ ልጆች ትንሽ ያስቸግራል። በአካባቢያችን ደም የመመለስ ልማድ ነበር። ከዞብል ተራራ ባሻገር ካሉት የአፋር ጎረቤቶቻችን ጋርም በግጦሽ፣ በውሃና በከብት ዘረፋ ምክንያት ግጭት ሲነሳ ኖሯል። በዚህ መሀል ከአንድ በላይ ነፍስ ያጠፋ ሰው አይጠፋም። ዶርም ውስጥም ‹‹ራያ ነህ? እንግዲያማ ካንተ ጋር መጣላት አያዋጣም›› እየተባልኩ ነው የተማርኩት። ነገሩ ቀልድ ነው፤ ግን ቀልዱ ውስጥ ፍርድ አለ። አንድ ልጅ በተወለደበት አገር ብቻ ‹‹ገዳይ›› ሊባል ይችላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም። ደም የሚመልስ ሰው ማንን እንደሚፈልግ አገር ያውቃል፤ ምክንያቱም ይታወቃል። ስለሚታወቅም ሽማግሌ ይገባበታል። በራያ ቆቦ የዘወልድ ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው፣ ካሳ አስከፍለውና አስምለው ሁለቱን ወገን ያስታርቃሉ። ይህን ስል ግድያውን ለማሳመር አይደለም፤ የሞተው ሞቷል፣ ልጆቹም ያለ አባት ቀርተዋል። ለማለት የፈለግኩት የአንዱ ምንጭ በቀልና ልማድ በመሆኑ መድኃኒቱም ከማኅበረሰቡ ሊገኝ ይችላል ነው። ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠብ የሌለውን ሰው በምስጢር ይገድላል፤ ወደ ቤቱ ተመልሶም እራቱን ይበላል። ሽማግሌ የሚገባበት ጠብ የለም። ምክንያቱ ከውጭ ስለማይታይ ሰዎች ምክንያቱን ልጅነቱ ውስጥ ይቆፍራሉ።

ከብዙዎቹ መካከል አንድሬ ቺካቲሎን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ረሃብና ጦርነት ባለፈበት የገጠር አገር ያደገ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ መምህር ነበር። ሁለቱም እኛን ይመለከቱናል።

የቺካቲሎ ልጅነት

አንድሬ ሮማኖቪች ቺካቲሎ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1936 በያኔዋ ሶቭየት ኅብረት፣ በዩክሬን፣ ያብሉችኔ በምትባል መንደር ተወለደ። ወላጆቹ የጋራ እርሻ ሠራተኞች ነበሩ። ዩክሬን እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1933 የስታሊን መንግሥት እህሉን ከገበሬው እየሰበሰበ በወሰደበት ጊዜ ሚሊዮኖች ያለቁባት አገር ናት። ብዙ ሰው ቺካቲሎን ‹‹በረሃብ ዘመን የተወለደ›› ይለዋል፤ ትክክል አይደለም፤ እሱ የተወለደው ዋናው ረሃብ ካለፈ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የረሃቡ ወሬ፣ ፍርሃቱና ድህነቱ ግን ቤቱ ውስጥ ነበር። ራሱ በኋላ እንደተናገረው እስከ 12 ዓመቱ ድረስ ዳቦ በልቶ አያውቅም። በ10 ዓመቱ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 እና በ1947፣ ሌላ ረሃብ ደረሰ።

በጣም የሚነገርለት ታሪክ የታላቅ ወንድሙ ታሪክ ነው። እናቱ ‹‹ስቴፓን የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረህ፣ በረሃቡ ጊዜ የተራቡ ጎረቤቶች ጠልፈው በሉት›› እያለች ትነግረው ነበር። ብቻውን ከግቢ እንዳይወጣ ለማስፈራራትም ትጠቀምበት ነበር። ስቴፓን የሚባል ልጅ በእርግጥ መኖሩ ከሌላ ምንጭ ተረጋግጦ አያውቅም። ሆኖም እውነት ሆነም አልሆነ ልጁ ይህንን እየሰማ አደገ።

እ.ኤ.አ. በ1941 ጀርመን ሶቭየት ኅብረትን ስትወርር አባቱ ዘመተ፤ ቆስሎም ተማረከ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለስ የሶቭየት ሥርዓት ምርኮኞችን እንደ ከዳተኛ ይቆጥር ስለነበር ‹‹ራሱን ለጠላት የሰጠ›› ተባለ። ቺካቲሎ በትምህርት ቤት የከሐዲ ልጅ እየተባለ ተሰደበ። አባቱ በሌለበት በነዚያ ዓመታት ከእናቱ ጋር በአንድ አልጋ ይተኛ ነበር፤ ሌሊት ይሸናል፣ እናቱም በዚህ ትደበድበዋለች። ዓይኑ ሩቅ አያይም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈው አይታየውም፤ ግን እንዳይሳቅበት ለማንም አልተናገረም። መነጽር ያደረገው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ስናነብ ‹‹አዎ፣ ከዚህ ቤት ነፍሰ ገዳይ ቢወጣ ምን ይገርማል›› እንላለን። ነገር ግን የታሪኩ ሌላ ግማሽ አለ። ልጁ አንባቢ ነበር። በ14 ዓመቱ የትምህርት ቤቱ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ፣ በ16 ዓመቱ የተማሪዎቹ የኮሚኒስት ኮሚቴ ሊቀመንበር ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1954 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አጠናቀቀ። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ለመማር ተፈትኖ ሳይገባ ቀረ፤ ‹‹በአባቴ ስም ምክንያት ነው›› ብሎ አመነ። ከዚያ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማረ፣ የውትድርና ግዴታውን ከ1957 እስከ 1960 ፈጸመ፣ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆነ፣ ሮስቶቭ አካባቢ የስልክ ባለሙያ ሆኖ ተቀጠረ፣ በ1963 አገባ፣ አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለደ፣ በተልዕኮ ትምህርትም በሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ዲግሪ ያዘ። እስቲ ያን ጊዜ የነበረ አንድ መምህር ይህንን ወጣት ቢያይ ምን ብሎ ይጽፍ ነበር? ‹‹ታታሪ፣ ዓይን አፋር፣ ችግሩን ተቋቁሞ ያደገ›› ብሎ መጻፉ አይቀርም።

የመጀመሪያ ግድያውን የፈጸመው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1978 ሻክቲ በምትባል ከተማ ሲሆን ሟቿ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። የተያዘው በኅዳር 1990 ነው። በ1992 በ52 ሰዎች ግድያ ጥፋተኛ ተባለ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ታዳጊዎችና ወጣት ሴቶች ነበሩ። በየካቲት 1994 በሞት ተቀጣ።

‹‹ሦስቱ ምልክቶች›› ማሽላ ማሳ ላይ

በሥነ ልቦና ትምህርት ታሪክ ስለ ነፍሰ ገዳዮች ልጅነት በጣም የተወራለት ሐሳብ የማክዶናልድ ሦስት ምልክቶች ይባላል። ጆን ማክዶናልድ የተባለ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 በኮሎራዶ፣ አሜሪካ ‹‹እገድላለሁ›› ብለው የዛቱ 100 ታካሚዎችን ተመልክቶ ጽሑፍ አወጣ። በጽሑፉ ላይ የአንዳንዶቹ ልጅነት ሦስት ነገሮች ይታዩበት እንደነበር ጠቀሰ፤ ሌሊት አልጋ ላይ መሽናት፣ እሳት መለኮስና እንስሳትን ማሰቃየት። ልብ በሉ፣ ሰዎቹ የዛቱ እንጂ የገደሉ አልነበሩም። ማክዶናልድ ራሱም በኋላ ባደረገው ጥናት ምልክቶቹ ገዳይን ከሌላው የሚለዩ ሆነው አላገኛቸውም። ሐሳቡ ግን በፊልምና በመጽሐፍ ተባዝቶ እስከ እኛ ማረፊያ ክፍል ደረሰ።

እስቲ ምልክቶቹን ወደ ቆቦ እናምጣቸው። ማሽላው ማዘርዘር ሲጀምር የራያ ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ይጠብቃል። መሣሪያው ወንጭፍ ነው። የግሪሳ መንጋ ሲወርድ ያልወነጨፈ ልጅ ማታ እራት የለውም። እኔ ራሴ ስንት ወፍ እንደገደልኩ አላውቀውም፤ ብዙ የገደለ ልጅ ይመሰገን ነበር። እሳትም እንዲሁ ነው። እረኛ ሁሉ ክብሪት በኪሱ ይይዛል፤ እሸት ይጠብሳል፣ ብርድ ሲሆን ቁጥቋጦ ይለኩሳል፣ አንዳንዴም እሳቱ አምልጦት የሰው ክምር ይበላና ይገረፋል። እንግዲህ በማክዶናልድ መለኪያ የአገራችን እረኛ በሙሉ ከሦስቱ ሁለቱን አሟልቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ሽንት ነው። አልጋ ላይ መሽናት በ5 ዓመት ዕድሜ ከ100 ልጆች 15 ያህሉ ላይ የሚታይ ነገር ሲሆን፣ በ7 ዓመት ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ይቀራል። ከዚያም አብዛኛው በየዓመቱ እየተወው ይሄዳል። 70 ተማሪ ባለበት ክፍል ከ4 እስከ 7 የሚሆኑ ልጆች ሌሊት ይሸናሉ ማለት ነው። እኛ አንዱን ብቻ ያወቅነው የሚቀየር ልብስ ስላልነበረው ነው። የሸተተን የልጁ ድህነት ነበር፤ እኛ ግን ባሕርዩ መሰለን።

ይህን ስል በእንስሳት ላይ የሚደረግ ጭካኔ ምንም አይደለም ማለቴ አይደለም። አንድ ልጅ ደጋግሞ፣ ተደብቆ፣ የእንስሳውን ሥቃይ እያየ የሚደሰት ከሆነ የሚያሳስብ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜም ልጁ ራሱ ቤት ውስጥ እየተደበደበ መሆኑን ይጠቁማል። የሚጠይቀው ግን ልጁን መመርመርና መርዳት ነው እንጂ ትንቢት መናገር አይደለም።

ረሃቡስ?

እዚህ ላይ የቤቴን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ እናቴ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። ከአባቷና ከትንሽ ወንድሟ ጋር ከቆቦ አላማጣ፣ ከዚያም የግራካሱን ዳገት በእግር ወጥተው ኮረም መጠለያ ገቡ። ኮረም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን በቀረጹት ፊልም ዓለም ያወቃት ቦታ ናት። የእናቴ ወንድም እዚያው ሞተ። እንግዲህ ወንድምን በረሃብ ማጣት ነፍሰ ገዳይ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ከዋጃ እስከ ሮቢት፣ ከቆቦ እስከ ወልድያ ባለው አገር ማን ሰላማዊ ሰው ይገኝ ነበር? የ1977ን ልጆች እናውቃቸዋለን። ዛሬ አያቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ መምህራኖቻችን፣ የዕድር ዳኞቻችን ናቸው።

ሆኖም ለሐቁ ሲባል ተቃራኒውን ማስረጃም ማቅረብ አለብኝ። ረሃብ በአእምሮ ላይ ምንም አያደርግም ማለት አይቻልም። ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 ክረምት በጀርመን ከበባ ምክንያት ረሃብ ሆኖ ነበር። በ1999 የታተመ ጥናት ለውትድርና የተመረመሩ ከ100,000 በላይ የሆላንድ ወንዶችን መዝገብ ተመልክቶ፣ በእርግዝናው የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከባድ ረሃብ ላይ የተጸነሱት ጸረ ማኅበራዊ ስብዕና የሚባለው ችግር የመታየት ዕድላቸው በ2.5 እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ይህ ትልቅ ግኝት ነው፤ ለነፍሰ ጡር እናቶች ምግብ ማቅረብ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነም ያሳያል። ነገር ግን በጣም ትንሽ የሆነ ቁጥር 2.5 እጥፍ ቢያድግም ያው ትንሽ ነው፤ አብዛኞቹ ያው ጤነኛ ሰዎች ሆነዋል። ደግሞም ጸረ ማኅበራዊ ስብዕና ማለትና ተከታታይ ገዳይ መሆን አንድ አይደለም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ታሪኩ ለልጅ እንዴት እንደሚነገር ነው። የቺካቲሎ እናት የስቴፓንን ታሪክ የነገረችው ለማስፈራሪያ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ሰው በላ ሆኖ ይታየዋል። የእኔ እናት በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ለወንድሟ መታሰቢያ ጸበል ጸዲቅ ታዘጋጃለች። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለቡናው ይመጣሉ፤ ከነሱም መካከል ኮረም የነበሩ አሉ። እኛ ልጆች ‹‹እማዬ፣ እንዴት ሞተ?›› ስንላት ትነግረናለች፤ ያንን ቀን ግማሽ ብስኩቷን የሰጠቻት አንዲት ሴት እንደነበረችም ሁልጊዜ ትጨምራለች። ያው ረሃብ ነው፤ ያው የወንድም ሞት ነው። ግን አንዱ ልጅ የሰማው ‹‹ሰው ይበላሃል›› የሚል ሲሆን እኛ የሰማነው ‹‹ሰው አጎረሰኝ›› የሚል ነው። ይሄ ልዩነት ብቻውን ቺካቲሎን ፈጠረ አልልም፤ እንደዚያ ካልኩ አንዱን ትንቢት ጥዬ ሌላ ትንቢት ማንሳቴ ነው። ግን ለወላጅና ለመምህር በእጃችን ያለ ነገር ነው፤ ረሃቡን ማስቀረት ባንችል አነጋገሩን መምረጥ እንችላለን።

ወደ ኋላ ማየትና ወደ ፊት ማየት

ለክፍላችን ተማሪዎች ዋናው የዘዴ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። የአንድን ነፍሰ ገዳይ ልጅነት የምናጠናው መጨረሻውን ካወቅን በኋላ ነው። መጨረሻውን ስለምናውቅ ድብደባው፣ ስድቡ፣ ሽንቱ ሁሉ ጎልቶ ይወጣል፤ የትምህርት ቤቱ ጋዜጣና ጥሩ ውጤቱ ይደበዝዛል። ወደ ፊት ስናይ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ካቲ ዊደም የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው ጥናት በልጅነታቸው የተደበደቡ፣ የተደፈሩ ወይም የተጣሉ መሆናቸው በፍርድ ቤት የተመዘገበ 908 ልጆችን፣ በዕድሜ፣ በጾታና በኑሮ ከሚመስሏቸው 667 ሌሎች ልጆች ጋር እስከ ጎልማሳነታቸው በመዝገብ ተከታትላለች። ከተጎዱት መካከል በኃይል ወንጀል የተያዙት ከ100 ሰው 11 ገደማ ሲሆኑ፣ ከማነጻጸሪያው ቡድን 8 ገደማ ናቸው። ልዩነት አለ፤ የልጅ መደብደብ ጉዳት ያመጣል። ግን ከተጎዱት 100 ልጆች 89 ያህሉ በኃይል ወንጀል አልተያዙም። ‹‹ብዙ ወንጀለኞች ልጅ ሆነው ተጎድተዋል›› ማለትና ‹‹ብዙ የተጎዱ ልጆች ወንጀለኛ ይሆናሉ›› ማለት በፍጹም አንድ አይደለም። ፈተና ላይ ሲመጣ ሁላችንም እንመልሰዋለን፤ ማረፊያ ክፍል ስንገባ ግን እንረሳዋለን።

ይህ ስህተት ሰው ያስገድላል። ምሳሌው ከቺካቲሎ መዝገብ ራሱ ይገኛል። ሻክቲ ላይ ያቺ የ9 ዓመት ልጅ ስትገደል ፖሊስ ቺካቲሎን ጠይቆት ነበር። እሱ ግን የተማረ፣ ባለ ትዳር፣ የፓርቲ አባል ነው። በዚያው አካባቢ አሌክሳንደር ክራቭቼንኮ የሚባል ቀደም ሲል፣ ገና ልጅ ሳለ፣ በተመሳሳይ ወንጀል ተፈርዶበት የወጣ ወጣት ነበር። ‹‹ከሱ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?›› ተባለ። አስጨንቀው አሳመኑት፤ እ.ኤ.አ. በ1983ም በሞት ተቀጣ። በኋላ ግድያውን ቺካቲሎ መፈጸሙን አመነ፤ የክራቭቼንኮም ፍርድ ተሻረ። ክራቭቼንኮ ንጹሕ ታሪክ ነበረው አልልም። ሆኖም የተፈረደበት በታሪኩ እንጂ በድርጊቱ አልነበረም፤ በዚህ መሀል እውነተኛው ገዳይ እስኪያዝ ድረስ መግደሉን ቀጠለ።

ታዲያ ለመምህር ምን ይቀራል?

‹‹እንግዲያው መተንበይ ካልተቻለ ዝም ብለን እንይ?›› የሚል ይኖራል። አይደለም። የቺካቲሎ ታሪክ ላይ ሊቆም ይችል የነበረበት ቦታ በግልጽ ይታያል፤ ቦታው ግን ያብሉችኔ አይደለም፣ የሰራበት ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 መምህር ሆኖ ሳለ በሴት ተማሪዎቹ ላይ የወሲብ ጥቃት ፈጸመ። ተማሪዎቹ ተናገሩ። ኃላፊው ለፖሊስ አላመለከተም፤ ‹‹በፈቃድህ ልቀቅ›› አለው፣ ለቀቀ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ተቀጠረ። ከመምህርነት ጭራሽ የወጣው በ1981 ነው፤ ይኸውም ከሌሎች አቤቱታዎች በኋላ። ያን ጊዜ መግደል ጀምሮ ነበር። እንግዲህ ልጅነቱን ለማወቅ ማንም አላስፈለገውም ነበር፤ የሕፃናቱን ቃል ማመን ብቻ ይበቃ ነበር።

እኛም ዘንድ ‹‹ነገሩን አታባብሱት፣ በዝውውር ይሂድ›› የሚል አነጋገር አለ። መምህርን ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ማዛወር የትምህርት ቤቱን ስም ያድን ይሆናል፤ ልጆቹን ግን አያድንም። ይህ ሁላችንም ነገ መምህርና ርዕሰ መምህር ስንሆን የሚገጥመን ነገር ስለሆነ ከአሁኑ ልናስብበት ይገባል።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ሪፖርቴን ከማስረከቤ በፊት አንድ ቅዳሜ ቤቱ ሄድኩ። የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ስለ ጳጉሜን 4 ቀን እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ያወጣው ሪፖርት አለ። ውጊያው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እንደገና ወደ ቆቦ ተመልሷል። አያቱ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ስለ ሽንቱ ግን እንዲህ አሉኝ፤ ‹‹ወላሂ ልጄ፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ግቢ አይወጣም። ውጣ ብለው ያለቅሳል፣ ይይዘውና እዚያው ያመልጠዋል። ጠዋት እኔም ተናድጄ እመታዋለሁ።››

ነገሩ ይሄው ነበር። መጸዳጃው ከግቢው ዳር ነው፣ ጨለማ ነው፣ ልጁ ደግሞ ጨለማ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ‹‹እማ፣ አይምቱት፤ ሌሊት ፖፖ ቤት ውስጥ ያስቀምጡለት›› አልኳቸው። ለዚህ ሥነ ልቦና መማር አያስፈልግም ነበር፤ ቤቱ ድረስ መሄድ ነው ያስፈለገው። ትምህርት ቤት ደግሞ ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ተነጋግረን አንድ ትርፍ ዩኒፎርም ቢሮ እንዲቀመጥለት አደረግን፤ የፊተኛው ወንበር ላይም ከአንድ ሌላ ልጅ ጋር አስቀመጥነው። ስለ ቡችላውም ለብቻው ጠየቅኩት። ‹‹ይጮሃል›› አለኝ። ‹‹ሌሊት ውሻ ከጮኸ ሰው እየመጣ ነው።›› ሌላ ነገር አልተናገረም።

ልጁ ዳነ ብዬ አልጽፍም። ልምምዴ ሲያልቅ አልፎ አልፎ አሁንም ይሸና ነበር፣ አሁንም ዝምተኛ ነው። ግን አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ እርሳስ ሲዋሰው አይቻለሁ።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት የቺካቲሎ ልጅነት ረሃብ፣ ጦርነት፣ ድብደባና ውርደት የተሞላ ነበር፤ እንደዚያ ያደጉ ሚሊዮኖች ግን ማንንም አልገደሉም። ስለዚህ ልጅነት የአንድን ሰው መከራ ይነግረን ይሆናል፤ ወንጀሉን አስቀድሞ አይነግረንም። የመከራ ምልክት ያለበትን ልጅ ‹‹ነገ ገዳይ›› ብሎ መፈረጅ ሁለት ጉዳት አለው። ልጁን ከሰው ይለያል፤ እውነተኛውን አጥፊ ደግሞ መልኩ ስለማያስጠረጥር ይሸፍናል። ከመምህር የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው፤ ለዛሬው ችግር ዛሬ መፍትሔ መፈለግ፣ ልጅ ‹‹ተበደልኩ›› ሲል መስማት፣ ጥፋት ሲፈጸም በዝውውር አለመሸፈን።

በሰረዝኩት ዓረፍተ ነገር ምትክ ሪፖርቱ ላይ የጻፍኩት ይህንን ነው፤ ‹‹ተማሪው ሌሊት ጨለማ ይፈራል። ከአያቱ ጋር ተነጋግረናል። የሚቀጥለው ዓመት መምህሩ የት እንደሚያስቀምጠው ይጠይቀው።›› አስተካካዩ መምህሬ ‹‹ይህ የሥነ ልቦና ሪፖርት አይመስልም›› ብለው በቀይ ቀለም ጻፉበት። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ግን ያንን ሪፖርት የሚቀጥለው መምህር ቢያነበው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል ብዬ አስባለሁ።